ዘጠና ዘጠኝ ነዋሪ

«ጩኸቱን ልጨምርበት ወይስ ይበቃዋል?» አለ ፉአድ፣ እጁን ድምፅ ማጉያው ላይ እንዳደረገ።

ሐረግወይን ሳትመልስለት ድምፁ ከሱቁ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ደረሰ። የሴቶች ጩኸት፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሚንጣጣ እሳት። ከነቀምቴ መናኸሪያ ወጥታ ሻንጣዋን እየጎተተች የምታልፍ አንዲት ሴት ክው ብላ ቆመች። ወደ ኋላዋ ዞረች፤ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አየች። ድምፁ የመጣው ከስልክ መጠገኛው ሱቅ መሆኑን ስታውቅ አማተበችና እያጉረመረመች ሄደች።

«ይበቃል፣ ይበቃል!» አለች ሐረግወይን እየሳቀች። «ሰው ልትገድል ነው እንዴ?»

«እህቶቼ መሆናቸውን ማን ያምናል? ስቀርጻቸው እኮ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር።»

ሱቁ የፉአድ አባት ነው። ሁለቱ ቀን ቀን ስልክ ይጠግኑበታል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላለፉት ሁለት ዓመታት «ቀዬ» ያሉትን የስልክ ጨዋታ ሲሠሩበት ቆይተዋል። ተጫዋቹ አንድ ባዶ ሜዳና አንድ ወንዝ ይሰጠዋል። ቤት ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ወፍጮ ይተክላል። ሰዎች ጓዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ መንደሩ አድጎ ከተማ ይሆናል። ሥዕሉና ድምፁ የፉአድ፣ ኮዱ የሐረግወይን ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጨዋታ አሳታሚ ድርጅት ወዶላቸው የመጨረሻውን ቅጂ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲልኩ ነግሯቸዋል። ገምጋሚው በጻፈላቸው ደብዳቤ በተለይ ሽፍቶች መጥተው መንደሩን የሚያቃጥሉበትን ክፍል አድንቋል። «እሳቱ ከወፍጮ ቤቱ መነሳቱ ብልህነት ነው፤ መንደሩ የሚበላውን አስቀድሞ ያጣል» ይላል።

ሐረግወይን አዲሱን ድምፅ ጨምራ ጨዋታውን ለሚሞክሩላቸው አርባ ሰዎች ለቀቀችው። ፉአድ የሞካሪዎቹን መልእክት ከስልኩ ያነብባል።

«ይቺ ደግሞ ከአኖ ከተማ ናት። ‹እባካችሁ ሽፍታና እሳት የሌለበት ምርጫ ጨምሩልን። ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ዝም ብዬ ቤት መሥራት ነው የምፈልገው› ትላለች። እንዲህ ያለችን አሥራ ሁለተኛዋ መሆኗ ነው።»

«ቤት ብቻ መሥራት ከሆነ ግንበኛ ትቅጠር!»

«የእውነቴን እኮ ነው። ምርጫ ነው የጠየቁት። የሚፈልግ ይወስደዋል፣ የማይፈልግ ይተወዋል።»

«ፉአድ፣ የማይጠፋ ነገር ምን ጨዋታ አለው? የምታጣው ነገር ከሌለ ምን ያጓጓሃል?» አለችና ለአሥራ አንዱ የላከችውን መልስ ለአኖዋም ላከችላት። ‹ጨዋታው የከበደው ሆን ተብሎ ነው። በርቱ!›

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጠራ። የደወሉት እሷና አባቷ የተከራዩበት ግቢ ባለቤት፣ አዴ ኬኔ ናቸው።

«ሐረጌ፣ ማሎ፣ እባክሽ ቶሎ ነይ። አባትሽ…»

«ምን ሆነ?»

«አልሞቱም። አልሞቱም፣ ግን ነይ።»

ሐረግወይን ወደ ባጃጅ ስትሮጥ ላፕቶፗን እንኳ አልዘጋችም።

ስትደርስ ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጎረቤቶቹ ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው። አንዷ ጭንቅላቷ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። አዴ ኬኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሆሳዕናን ታቅፈዋታል። ልጅቷ ከእግሯ እስከ ራሷ ጭቃ ነች፤ ብስኩት ትበላለች።

«ልብስ እያጠብኩ ነበር» አሉ። «ከእናንተ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ ኦቦ ራጉኤል በሩን በርግደው ወጡ። ‹ውጡ! ባኣ! ባኣ!› ይላሉ፣ በአማርኛውም በኦሮምኛውም። የየሰዉን በር እየደበደቡ ‹ውጡ› ይላሉ። ይቺን ልጅ ከበር ላይ አፈፍ አድርገው ይዘዋት ሮጡ።»

«ይቅርታ፣ አዴ ኬኔ። ይቅርታ…»

«ምን ይቅርታ ትዪኛለሽ? እኔም ሮጥኩ እኮ! ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። መጣ ብዬ ነው የሮጥኩት። ይሄ ሁሉ ሰው ሮጠ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አራት ዓመት ሙሉ ያን ጊዜ የሸሸሁትን ረስቻለሁ ስል ነበር። ለካ እግሬ አልረሳም።»

ሐረግወይን አረፋ ጭንቅላቷ ላይ የደረቀባትን ሴት አየቻት። ሴትየዋም እሷን አየቻትና፣ ሁሉም ባዶ እጃቸውን መሮጣቸውን ያን ጊዜ ያስተዋለች ይመስል መዳፎቿን ገልብጣ ተመለከተች።

አባቷ ከቤቱ ጀርባ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ ናቸው። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ቀብረው ተቀምጠዋል።

«አባዬ።»

«ዝቅ በይ» አሉ በሹክሹክታ። «ትታያለሽ።»

እሷም ወደ ቦዩ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌላ የምታደርገው አልመጣላትም። ውሃው ሱሪዋን አልፎ ቆዳዋ ላይ ሲደርስ ቀዘቀዛት። ትከሻቸውን በትከሻዋ አስደገፈች። ብዙ ቆዩ። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፣ ቀጥሎም የቆራሌው ጥሪ። አቶ ራጉኤል ቀስ ብለው ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ስልኩ ነው፣ አይደል?» አሉ።

«ስልኩ ነው፣ አባዬ።»

«ድምፅ አልነበረውም እኮ። ትናንት ድምፅ አልነበረውም።»

«ዛሬ ጠዋት ነው የጨመርነው።»

«እህ» አሉና እጃቸውን አዩት። «የሰው ልጅ ይዤ ሮጥኩ?»

«ደህና ናት። ብስኩት እየበላች ነው።»

«ኬኔ ምን ትለኛለች?»

«እሳቸውም ሮጠዋል።»

አባቷ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጡ። ሐረግወይን ደግፋ አስነሳቻቸው።

ክፍሉ ውስጥ ስልኩ ከአልጋው ሥር ወድቆ አሁንም ይጮሃል። የፉአድ እህቶች። ሐረግወይን በደረቷ ተኝታ ጎትታ አወጣችውና ድምፁን አጠፋችው። ጨዋታውን አባቷ ስልክ ላይ የጫነችው እሷው ነች፣ የዛሬ ወር ተኩል። ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው ስላሳዘናትና ለአዛውንት ይከብድ እንደሆነ ማየት ስለፈለገች። «እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃቸው «ደህና ነው» ይሏታል፤ ከዚያ በላይ ጠይቃቸው አታውቅም።

መንደሩ ግማሹ ነድዷል። ግማሹ ገና እየነደደ ነው። ጨዋታውን አቆመችና ጣቷን አንዱ ቤት ላይ አሳረፈች። ተጫዋቹ ለየቤቱ ስም እንዲሰጥ የሚያስችለውን ነገር ያስገባችው ለይስሙላ ነበር። የሚጠቀምበት ሰው ይኖራል ብላም አላሰበች።

‹የፈይሳ ቤት›

ሌላውን ነካች። ‹የእማሆይ ጸሐይወርቅ ቤት›። ሌላውን። ‹የዋቅወያ ቤት›።

ሐረግወይን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ፈይሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሸንኮራ የሚሰጣት ጎረቤታቸው ነበር። ዋቅወያ መንደሩ የተቃጠለ ጊዜ አባቷን ሦስት ቀን ጎተራው ውስጥ የደበቀው ሰው ነው። ወንዙ የሚታጠፈው በትክክለኛው ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታው ላይ፣ ገበያው ከዋርካው በታች። ጊዳ አያና ውስጥ ተወልዳ ያደገችባት መንደር፣ አሁን ሰው የማይኖርባት፣ በመዳፏ ላይ ተዘርግታ ትነድዳለች።

ወፍጮ ቤቱን ነካችው። ‹ወፍጮ ቤት። ሠራተኛ፦ የለም።›

ይሄን ከዚህ በፊት አይታዋለች። ከሞካሪዎቹ በሚመጣው መረጃ ላይ አንድ ተጫዋች ወፍጮ ቤቱን ያለ ሠራተኛ በግማሽ አቅሙ እንደሚያሠራ አይታ፣ «ይሄኛው አልገባውም» ብላ ለፉአድ ነግራው ነበር። አሁን ግን ለምን እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ታናሽ ወንድሟ ወልደዮሐንስ ወፍጮ ቤቱን ሊጠብቅ እዚያ ይተኛ ነበር። ከተቃጠለው ወፍጮ ቤት የወጣው እሱ ነው፣ በነጠላ ተጠቅልሎ።

ከሁሉም ያልገባት ግን ከላይ የተጻፈው ቁጥር ነበር። ‹ወደ መንደሩ ሳይገቡ የተመለሱ ቤተሰቦች፦ 47›።

«አባዬ፣ አርባ ሰባት ቤተሰብ ለምን መለስክ?»

አቶ ራጉኤል የረጠበ ሸሚዛቸውን እያወለቁ ነበር። ጀርባቸውን እንደሰጡ መለሱላት።

«መቶ ሲሞላ ነው የሚመጡት።»

ሐረግወይን ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ያንን የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሷና ፉአድ። የነዋሪው ቁጥር መቶ ሲደርስ ሽፍቶቹ ይነሳሉ። አንድ መስመር ኮድ ነው። ለማንም አልነገሩም።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? አራት ጊዜ አቃጠሉብኝ። በመጀመሪያው ጊዜ እድሌ ነው አልኩ። በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኑን ስሠራ ይሆናል ብዬ ሳልሠራው ቆየሁ፤ መጡ። በኋላ ቁጥሩን ሳስተውለው ሁልጊዜ መቶ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘጠና ዘጠኝ ላይ አቆምኩት። ሃያ ሦስት ቀን ሰላም ነበርን።»

«ነበርን» ሲሉ ሐረግወይን አንገቷን ደፋች።

«የሚከብደኝ እንግዶቹ ናቸው» አሉ። «ጓዛቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ይቆማሉ። ልጅ ያዘሉ አሉባቸው። ‹ተቀበል› ወይ ‹መልስ› ይለኛል። እኔ እዚህ ስመጣ ኬኔ በሯን ከፈተችልኝ። እኔ ግን መልስ፣ መልስ፣ መልስ። አፌን አውጥቼ ይቅርታ እላቸዋለሁ፤ የማይሰሙ መሆናቸውን እያወቅኩ።»

«ታዲያ ዛሬ እንዴት መቶ ሞላ?»

«ልጅ ተወለደ» አሉ አባቷ። ዞረው አዩዋት። «ዋቅወያ ቤት። ‹እልል፣ ልጅ ተወለደ› ብሎ ጻፈ። እንግዳውን መልሼዋለሁ። የተወለደ ልጅ ወዴት ይመለሳል?»

እልልታውን የጻፈችው እሷ ነች። መንደሩ እንዳይቀዘቅዝ ብላ አልፎ አልፎ ልጅ እንዲወለድ ያደረገችውም እሷ ነች። ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ ጽፋ አንድም ቀን አብረው ይገናኛሉ ብላ አላሰበችም።

«አወጣዋለሁ» አለች። «እሳቱን እንዳለ ነቅዬ አወጣዋለሁ።»

«ለምን ታወጪዋለሽ? መታገል የሚወድ ጎበዝ ሞልቷል፤ ለእነሱ ይኑር። እኔ የምለው አጠገቡ ሌላ በር ቢኖረው ነው። የማይመጡበት።»

«የማይመጡ ከሆነማ ምን ይሠራበታል? ሁለት ቀን ሳትቆይ ይሰለችሃል።»

አቶ ራጉኤል ግራ ተጋብተው አዩዋት። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል ብለው ያልጠበቁ ይመስላሉ።

«ሰላም ሲሆን ሰው ምን ይሠራል ነው የምትዪኝ?» አሉ። «የፈይሳ ቤት ጣሪያ እስካሁን ሳር ነው፤ ቆርቆሮ ላለብሰው እያሰብኩ ነበር። ወንዙ ላይ ድልድይ የለም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዙሪያውን ነው የሚሄዱት፤ መቼም በክረምት እንዴት እንደሚሆኑ እግዜር ይወቅ። ከገበያው በታች ያለው መሬት ረግረግ ነው፤ መጠንፈፍ አለበት። የቆሙትን እንግዶች ደግሞ የት የት እንደማኖራቸው ለይቼ ጨርሻለሁ። ምን ይሰለቸኛል? ጊዜው ነው የሚያጥረኝ።»

ሐረግወይን የአኖዋ ሴት ትዝ አለቻት፣ ከሥራ ደክማ የምትገባዋ። ምን ዓይነት ሥራ እንደምትሠራ እንኳ አልጠየቀቻትም።

አባቷ ደረቅ ሸሚዝ ለበሱና የመጨረሻውን ቁልፍ ሳይቆልፉ ቆሙ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አሉ። «አራቱንም ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ነው የጀመሩት። ዛሬም እንደዚያው። ይሄን እንዴት አወቅሽ?»

ሐረግወይን ወለሉን አየች። ወሬው ሲደርሳት ዩኒቨርሲቲ ነበረች። ለቅሶው ላይ አባቷ እጇን ይዘው በጆሮዋ የነገሯት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «መጡ፤ ከወፍጮው ጀመሩ።» እነማን እንደነበሩ አልነገሯትም፤ ከዚያ ወዲህም ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ኮዱን ስትጽፍ ግን ከየት ይነሳ ብላ አንድም ደቂቃ አላሰበችም። እጇ ራሱ ጻፈው። ገምጋሚው ብልህነት ብሎ ሲያደንቅላትም ደስ ብሏት ለፉአድ ጮክ ብላ አንብባለታለች።

«እኔ ነኝ የነገርኩሽ፣ አይደል?» አሉ አባቷ።

«አንተ ነህ።»

«ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም።»

ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ቆለፉና ኬኔን ይቅርታ ለመጠየቅ ወጡ።

ሱቅ ስትደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ጭቃው ሱሪዋ ላይ ደርቋል። ለፉአድ ነገረችው፤ ቦዩን፣ ዘጠና ዘጠኙን፣ አዴ ኬኔን። ፉአድ እየሰማት ድምፅ ማጉያውን ከሶኬቱ ነቀለው።

«እየሳቁ እኮ ነው የቀረጽኳቸው» አለ። «ሐረግ፣ እንደ ቀልድ ነበር።»

«እኔም እንደ ጨዋታ ነበር። ና፣ ቁጭ በል። አራት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው ያለን።»

ሠሩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት በር አደረጉ፤ በአንደኛው ጨዋታው እንደነበረ፣ በሁለተኛው ሽፍታም እሳትም የለም፣ ሕዝቡም መቶን አልፎ የፈለገውን ያህል ያድጋል። ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ እንደገና ጀመሩት። ስልክ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ሁሉ ነገ ተባለ።

«ሁለተኛውን ምን እንበለው? ‹ቀላል›?» አለ ፉአድ።

«ቀላል አይባልም። አባዬ ስንት ሥራ እንደሚጠብቀው ብትሰማ አትለውም ነበር።»

«‹በእርጋታ›?»

«በእርጋታ ይሁን። ጩኸቱን ደግሞ ከሁለቱም አውጣው።»

ፉአድ ሳይከራከር አወጣው። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም ነገር ሠራ። ፉአድ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ።

«በይ ላኪው።»

ሐረግወይን ግን መላኪያውን ትታ ወደ ኮዱ ተመለሰች። ወደ ታች ወረደች፤ አንድ መስመር ላይ ቆመች።

«ምን ልትነኪ ነው? ያኛውን ጨዋታ እንዳለ እንተወዋለን ተባብለን የለም? ለሚፈልገው ይኑር ያሉት አባትሽ አይደሉም?»

«ይኖራል። አንድ መስመር ብቻ ነው።»

ፉአድ ተጠግቶ አነበበው። «ይሄንማ አትንኪው! ገምጋሚው ከሁሉም የወደደው እኮ እሱን ነው። በደብዳቤው የጠቀሰው እሱን ነው። ‹የት ሄደ?› ቢለን ምን እንመልሳለን?»

«የለም እንለዋለን።»

«ውሉ ቢቀርብንስ?»

«ይቀራላ።»

«ታዲያ እሳቱ ከየት ይነሳ?»

«ከየትም ይነሳ። ከገበያው፣ ከአጥሩ፣ ዕጣ ይውጣለት። ከወፍጮ ቤቱ ግን አይነሳም።»

ፉአድ አያት። ወንድም እንደነበራትና እንደሞተ ያውቃል። እንዴት እንደሞተ ጠይቋት አያውቅም።

«ወልደዮሐንስ እዚያ ነበር የተኛው» አለችው።

ፉአድ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሐረግወይን መስመሩን አጠፋችው፤ ወፍጮ ቤቱን ከዕጣው አስወጣችና ጨዋታውን ላከችው።